ብልጭ ድርግም

ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑ የተነሣ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ተቀምጧል። ሺህ ዋት ነው። ባለቤቱ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ነው፤ ትናንት አመሻሽ ላይ ታቅፎት መጣና «አያ፣ ጧ አለና ዝም አለ» አለኝ። ብሎኖቹን ከመፍታቴ በፊት እንደ ልማዴ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። ከቁጥሮቹ ሁሉ ግርጌ ጥፍር የምታህል ሥዕል አለች፤ ተራራ፣ ከሥሩ ደግሞ 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ። ቻይና ውስጥ ለሚሸጡ ዕቃዎች የምትለጠፍ ምልክት ናት። ዕቃው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በማይበልጥ ቦታ እንዲሠራ መታሰቡን ትናገራለች። መቀሌ ከዚያ ከፍታ በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ ለመውጣት ይደክማል፤ በሁለት ሽቦዎች መካከል ብልጭታ እንዳይዘል ለማገድም ይደክማል። ይህችን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ዕቃው የተሠራበትና የሚሠራበት ቦታ ምን ያህል እንደሚራራቁ ትዝ ይለኛል።

በዚህ ሥራ 24 ዓመት ሆነኝ። በሌላው ዓለም የሺህ ዋት ፓወር ሳፕላይ ታሪክ የግራፊክስ ካርድ ታሪክ ነው፤ ካርዱ በጎረመሰ ቁጥር መጋቢውም አብሮ ጎረመሰ። እኔ ግን መቀሌ ውስጥ ሺህ ዋት የገዙትን ደንበኞቼን አንድ በአንድ ሳስታውስ፣ አብዛኞቹ የሺውን ግማሽ እንኳ ተጠቅመውበት አያውቁም። የገዙት ለሌላ ነገር ነው። ያንን ለማስረዳት ከራዲዮ መጀመር አለብኝ።

ሥራውን ያስተማረኝ ቀዳማይ ወያነ ገበያ አጠገብ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ነበር። እሱንም አያ ነበር የምለው። ልጅ ሳለሁ የከተማው መብራት ከናፍጣ ጄኔሬተር ይመጣ ስለነበር፣ የእሱ ቀን የሚሰላው በመብራቱ መምጫና መሄጃ ነበር። ካውያው የሚሞቀው መብራት ሲኖር ነው። ከእሱ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ዕቃን ከመክፈት በፊት በመዳፍ መመዘን ነው። የድሮ ራዲዮ ሆድ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ነው፤ መዳቡን የሰረቀ ሠራተኛ ክብደቱን መልሶ ሊያስገባ አይችልም። «ወረቀቱ የወደደውን ይበል፤ አንተ አንሣው» ይለኝ ነበር። አያቴ ከአፋር በግመል የሚመጣውን ጨው ሲገዛ እንዲሁ አሞሌውን አንሥቶ፣ ጠርዙ መሸራረፉን በጣቱ ዳስሶ ነበር ዋጋ የሚናገረው። ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ የማስባቸው በእጃቸው ምክንያት ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ክብደት ለጊዜው ግራ አጋባን። የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ እንደ ራዲዮ አይደለም። ከግድግዳ የገባውን 220 ቮልት መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጥና፣ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ውስጥ ያሳልፈዋል። ቆረጣው በፈጠነ ቁጥር ትራንስፎርመሩ ያንሳል። ይህን ዘዴ ወደ ግል ኮምፒውተር ካስገቡት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የአፕል 2 ፓወር ሳፕላይ የነደፈው ሮድ ሆልት ነው። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፓወር ሳፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር፤ ዛሬ አንድ የላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰጠውን ያህል። ተከታዩ ኤክስቲ 130፣ የ1984ቱ ኤቲ 192 ዋት ሆኑ። ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደንብ አወጣና የሳጥኑ መጠን፣ የሽቦዎቹ ቀለም፣ የሶኬቱ ቅርጽ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ለእኛ ለጠጋኞች ያ ደንብ ትልቅ ውለታ ነው። ከየትም አገር የመጣ ሳጥን ስከፍት ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3፣ ጥቁሩ መሬት መሆኑን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ።

በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ወደ እጄ ከገቡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከአሜሪካ ዘመድ የላካቸው ነበሩ። ከኋላቸው፣ ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ፣ ቀይ ማዞሪያ አለች፤ 115 ወይም 230። አሜሪካ ውስጥ 115 ላይ ነች፤ ማንም አይነካትም። እዚህ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ገመዱ ሶኬት ላይ ይሰካል። ድምፁ ጥይት ይመስላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሳጥኑ ውስጥ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት የሚችሉ ሁለት ካፓሲተሮች፣ የመብራት ጎተራዎች፣ አሉ። ማዞሪያዋ 115 ላይ ስትሆን የገባውን መብራት እጥፍ አድርጎ ለሁለቱ የሚያካፍል መንገድ ትከፍታለች። በ115 ቮልት ለእያንዳንዳቸው 160 ገደማ ይደርሳቸዋል። በእኛ 220 ግን ከ300 በላይ ይሆናል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የተቃጠለውን ፓወር ሳፕላይ በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ልጃቸው ከዴንቨር የላከው ኮምፒውተር ነበር። «ልጄ ያየኛል፣ እኔ አየዋለሁ ተብሎ ነበር» አሉኝ፤ በካሜራ ሊነጋገሩ አስበው። ሌላ ፓወር ሳፕላይ አስገባሁላቸውና ቀይዋን ማዞሪያ 230 ላይ አድርጌ በሙጫ አጣበቅኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጄ ያለፈች ማዞሪያ ሁሉ ሙጫ ቀምሳለች።

ቀይዋ ማዞሪያ የጠፋችው አውሮፓ ባወጣው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ ኮምፒውተሮች ከመስመሩ ላይ ኃይልን በእብጠት በእብጠት እንዳይመነጭቁ ተገደዱ። አምራቾቹ ለዚያ ሲሉ አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባለውን ክፍል ጨመሩ፤ ይህ ክፍል ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ማንኛውንም መብራት ተቀብሎ ውስጡ 390 ቮልት ገደማ ላይ ያቆመዋል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ስለ መቀሌ አላሰቡም። ለእኛ ግን ከዚያ ወዲህ ከመጣው ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ሆነልን። ለምን እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የአገራችን ከፍተኛ ዋት ኮምፒውተር አይደለም፤ ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። እኔ በተከራየሁበት ግቢ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ሲጣድ 220 ቮልት የነበረው ወደ 180፣ አንዳንዴም ወደ 170 ይወርድ ነበር። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ስታብላይዘሩ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ምጣዱ ሲነቀል ደግሞ መብራቱ ያብጣል። በየግቢው፣ በየሰፈሩ እንዲህ ነበር። ሰው «መብራት ሄደ» የሚለው ለሰዓታት ሲጠፋ ነው። ዓይን ሳይከደን የሚያልፈውን ብልጭ ድርግም ግን ማንም አይቆጥረውም፤ ኮምፒውተርን የሚገድለው እሱ ነው።

ሮማናት አደባባይ አካባቢ ፎቶና ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን፣ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ቆሜ እያለሁ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። አንደኛው ጠፋ፤ ሌላው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ስታብላይዘሩ አንድ፣ ገመዱ አንድ፣ መብራቱ አንድ። ሁለቱንም ይዤ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

የጠፋው «500 ዋት» የሚል ወረቀት ያለው፣ በአንድ ጣት የሚነሣ ቀላል ዕቃ ነበር። የቆየው አንድ ሰው ከዱባይ ያመጣለት የ850 ዋት ሲሆን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በቀላሉ ውስጥ ሁለቱ ካፓሲተሮች የአውራ ጣቴን ያህል ነበሩ። በከባዱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ግን የቡና ሲኒ ያህል። ያን ጊዜ ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ አሰላሁ። የኤቲኤክስ ደንብ አንድ ፓወር ሳፕላይ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ መብራት ቢቋረጥበት 16 ሚሊሰከንድ ገደማ እንዲቆይ ይጠይቅ ነበር። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳልና አንዱ ምልልስ 20 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ በሙሉ ጭነት የሚሠራ ዕቃ አንዲት ምልልስ እንኳ ቢያመልጠው ይወድቃል። በሩብ ጭነት ከሠራ ግን ያው ካፓሲተር አራት እጥፍ ጊዜ ያቆየዋል። በዚያ ላይ ፒኤፍሲው መብራቱ ወደ 170 ቢወርድም ውስጡን 390 ላይ ሞልቶ ይጠብቃል። ቀላሉ ዕቃ ግን ምጣድ በተጣደ ቁጥር ገና መብራቱ ሳይቋረጥ ግማሽ ጎተራው ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ኪሱ ከቻለ፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ትልቅና ደህና ፓወር ሳፕላይ እንዲገዛ መምከር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰዎች ልሸጥላቸው የፈለግሁ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የምሸጠው አልነበረኝም፤ የምጠግን ነኝ። በተለይ የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ ልጆች ቶሎ ገባቸው። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከተማው በመሐንዲስ ተሞልቷል። ማታ ላይ አንድን ሕንፃ በሥዕል እንዲያወጣ ኮምፒውተሩን አዝዘው ይተኛሉ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ጠዋት የሚያገኙት ጥቁር መስኮት ነው። ሺህ ዋት ገዝተው 250 የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ገንዘባቸው አልባከነም።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን እንደማይገባ ማስተማር ይበልጥ ከብዶኝ ነበር። አሁንም ለሚመጣ ሁሉ የምለው ይኸው ነው፦ ትልቁን ቁጥር ተወው፣ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ኮምፒውተር አብዛኛውን ኃይሉን ከ12 ቮልት ነው የሚወስደው። «500 ዋት» ብሎ ከ12 ቮልቱ አጠገብ 15 አምፔር ከጻፈ፣ እዚያ ያለው 180 ዋት ነው። ይህ ማባዛት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ 80 ፕላስ የሚባል ምስክርነት አለ፤ በጭነቱ 20፣ 50 እና 100 በመቶ ላይ ተለክቶ ቢያንስ 80 በመቶውን ኃይል ሳያባክን የሚያደርስ ዕቃ ያገኘዋል። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ ይወጣል። ያ ምልክት ሳጥኑ ላይ ኖሮም ዕቃው በእጄ ከቀለለኝ አላምነውም።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለተጎዳበት። ርካሽ ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ የሚሰጠው ሞገድ ማዕዘናማ ነው። አንዳንድ ፒኤፍሲ ያላቸው ፓወር ሳፕላዮች ያንን ሞገድ አይወዱትም፤ ዩፒኤሱ ሥራውን ሲረከብ እነሱ ይጠፋሉ። ባለቤቱ ዩፒኤሱ ሞተ ብሎ ይጥለዋል፣ ወይም ፓወር ሳፕላዩን ይረግማል። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አብረው መኖር ግን አይችሉም።

የመብራቱ ነገር እየተሻሻለ ነበር። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታውን ይዞ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 300 ሜጋዋት። በጥቅምት 2006 ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ አሸጎዳ ላይ 84 የነፋስ ማማዎች ያሉት የ120 ሜጋዋት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከኩሐ መንገድ ላይ ሆኜ ክንፎቹ ሲዞሩ አይቼ የተሰማኝን አልረሳም። ነፋስ በመቀሌ ለአቧራ ብቻ የሚያገለግል ይመስለኝ ነበር፤ ማራገቢያ የሚዘጋው፣ ካፓሲተር የሚያፍነው አቧራ። ያው ነፋስ መብራት ሆኖ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። በግንቦት 2011 የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ጎድሎ አገሩ ሁሉ በፈረቃ መብራት ሲጠቀም፣ ሰው ተራው ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቆ ሥራውን ያደላድል ነበር። የሚታወቅ ጨለማ አይከብድም።

በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ከሰኔ 2013 ማብቂያ ወዲህ መቀሌ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ተለይታ ቆየች፤ ስልክ ተዘጋ፣ ባንክ ተዘጋ። መብራት አንዳንዴ ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት ቮልት ይዞ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ነዳጅ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነበር። ኮምፒውተር ይዞልኝ የሚመጣ አልነበረም። ሰው የሚያመጣልኝ ባትሪ ነበር፤ የመኪና፣ የዩፒኤስ፣ የሞተር ሳይክል።

መደርደሪያዬ ላይ ለዓመታት የናቅኳቸው ቀላል ፓወር ሳፕላዮች ነበሩ፤ እነዚያ በአንድ ጣት የሚነሡት። ከኮምፒውተር የተነጠለ ፓወር ሳፕላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ካላገናኙት አይነሣም። አገናኘሁ። ነገር ግን 12 ቮልት ባትሪ አይሞላም፤ ባትሪ 14 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ትልቁን ዘመናዊ ሺህ ዋት ወደ 14 ልወስደው ብሞክር ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። ቀላሎቹ ግን አሠራራቸው የቆየ ነው፤ አንዲት ሬዚስተር ሲለወጥላቸው፣ መከላከያቸውም ሲፈታ፣ ያለ ማንገራገር 13.8 ላይ ቆሙ። መብራት ለሁለት ሰዓት ከመጣች በእነሱ የሰፈሩን ባትሪ ሁሉ እሞላለሁ። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ የአንድ ጎረቤት ሶላር ነበረ። በዚያ ባትሪ ሰው ስልኩን ቻርጅ ያደርግ ነበር። ኔትወርክ የለም፣ የሚደወልለት ሰው የለም። ስልኩን የሚሞሉት ለባትሪ መብራትና ፎቶ ለማየት ነው። ፓወር ሳፕላዩን በነጠላ ጠቅልለው አምጥተው የነበሩት እናት ስልካቸው 20 በመቶ ሲሞላ ይበቃኛል ብለው ወሰዱት። ልጃቸውን አይተው ያጠፉታል፤ በማግሥቱ እንደገና ያዩታል።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ከተማው ከመረቡ ጋር መልሶ የተገናኘው ኅዳር 27 ነው። ልጆቹ «መብራህቲ መጺኡ!» እያሉ መንገድ ላይ ሲሮጡ እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ቮልቱን እለካ ነበር።

ኢንተርኔት ሲመለስ ከዓለም ምን እንዳመለጠኝ አነበብኩ። እኛ ጨለማ ውስጥ በነበርንበት በዚያው ጥቅምት ወር ኒቪዲያ 450 ዋት የሚስብ ግራፊክስ ካርድ ለገበያ አውጥቶ ነበር። 600 ዋት እንዲያሳልፍ የተሠራው አዲሱ ሶኬት ወዲያው አንዳንድ ሰዎች ቤት ቀለጠ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። 600 ዋት በ12 ቮልት 50 አምፔር ነው፤ በስድስት ቀጫጭን ፒን ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ8 አምፔር በላይ። አንዱ ፒን በደንብ ካልገባ ሌሎቹ የእሱን ድርሻ ይሸከማሉ። የምጣድ ሶኬት የሚቀልጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ላልቶ ሲቀመጥ። ከዚያ ወዲህ ወደ 575 ዋት የወጣ ካርድ መጥቷል። አገራችን ውስጥ ቢትኮይን የሚያመርቱት መሣሪያዎች ደግሞ አንዳንዶቹ እያንዳንዳቸው 3,500 ዋት ይስባሉ ይባላል። እኔ የማስበው በምጣድ ስለሆነ፣ አንድ መሣሪያ አንድ ምጣድ ነው እላለሁ፤ ሌት ተቀን የማይነቀል።

መብራት በተመለሰ ሰሞን ሱቄ በኮምፒውተር ተሞላ። አይጥ የተኛበት፣ አቧራ የጠጣ፣ እርጥበት የነካው። ለሁሉም አንድ ነገር ለመንኩ፤ ቤታችሁ እንዳትሰኩት፣ መጀመሪያ ወደ እኔ አምጡት። ለረጅም ጊዜ መብራት ያልነካው ካፓሲተር በአንድ ጊዜ ሙሉ ቮልት ሲገባበት ሊጎዳ ይችላል። ቀስ ብሎ መለማመድ አለበት። ለዚያ የምጠቀምበት መሣሪያ ካስተማረኝ ሰው የወረስኩት ነው፤ ባለ ክር 100 ዋት አምፖል። በመስመሩ ላይ፣ ከፓወር ሳፕላዩ በፊት በተከታታይ ይታሰራል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው አምፖል ሁሉ ኤልኢዲ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ያለኝ አንድ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪው ልጅ ዛሬ ከሰዓት መጣ። የተቃጠሉትን ሁለት ትራንዚስተሮችና ፊውዙን ለውጫለሁ፤ ትልቁ ካፓሲተር ደህና ነው። አምፖሉን ከጨርቁ አውጥቼ መስመሩ ላይ አሰርኩ። ልጁ ወደ ኋላ ራቅ አለ። «አምፖሉ እንደበራ ከቀረ ውስጡ አሁንም ተነካክቷል ማለት ነው» አልኩት። «ብልጭ ብሎ ድርግም ካለ ግን ጎተራው ሞልቷል፣ ድኗል።»

ሰካሁት። አምፖሉ ብልጭ አለ፤ ክሩ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ።